«ተቋረጠ» ሲባል ምን ተቋረጠ? የመኖሪያ ቤት ብሮድባንድ ብልሽቶችና የአቤቱታ አቀራረብ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዙሪያ የሚኖር ሰው የቤቱ ኢንተርኔት ሲጠፋበት ለጎረቤቱ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ «ተቋረጠ»። ወደ 994 ሲደውልም የሚለው ይህንኑ ነው። የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ መረጃ ስለማያገኝ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ «ራውተሩን አጥፍተው እንደገና ያብሩት»። ነገር ግን «ተቋረጠ» የሚለው ቃል መንስኤያቸው፣ የሚጠገኑበት ቦታና የሚጠግናቸው ባለሙያ የተለያዩ ብዙ ብልሽቶችን በአንድነት ጠቅልሎ የያዘ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ብልሽቶች እንዴት እንደሚለዩ ማስረዳት፣ ከዚያም የመለየቱ ሥራ በአቤቱታ ሂደት ውስጥ ለምን ወሳኝ እንደሚሆን ማሳየት ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በአንድ የጋራ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ከቤቷ ሆና ለውጭ አገር ድርጅት የትርጉም ሥራ የምትሠራ ሴትን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ሥራዋን በሰዓቱ ካላስረከበች የሚቀነስባት ክፍያ ለአንድ ወር ኢንተርኔት ከምትከፍለው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። በዚያው ግቢ የሚኖር የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ ግዴታ ለሆነው የመውጫ ፈተና የሚዘጋጀው፣ መጣጥፎችን የሚያወርደው፣ ከአማካሪው ጋር የሚነጋገረው በዚሁ መስመር ነው። መስመሩ ሲጠፋ ሁለቱም የሚያጡት ነገር በወርኃዊ ሒሳብ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

የመዳቡ መስመር

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ኢንተርኔት የተጀመረው ከዚያ አንድ ምዕተ ዓመት ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል በከተማዋ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ሁሉ የታሰበው ለአንድ ተግባር ብቻ ነበር፤ የሰውን ድምፅ ማስተላለፍ። ለዚህም እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ የድግግሞሽ መጠን ይበቃል። የመዳብ ብሮድባንድ ወይም ኤዲኤስኤል የተባለው ቴክኖሎጂ ግን በዚያው ሽቦ ላይ ከድምፁ በላይ ባለው ክፍት ቦታ መረጃ ይጭናል። የተሻሻለው ዓይነት፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ፣ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ይወጣል። ይህም ሽቦው መጀመሪያ ከተዘጋጀለት ከ500 እጥፍ በላይ ነው። በሌላ አነጋገር ለጋሪ በተሠራ መንገድ ላይ መኪና ይነዳበታል፤ መንገዱ እስካልተጎዳ ድረስ ይሄዳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን የሚጎዳው ጋሪው ሳይሆን መኪናው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወሳኝ ነገር ርቀት ነው። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ በመዳብ ላይ በፍጥነት ይዳከማል። ከማሠራጫ ሣጥኑ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ቤት 20 ሜጋ ቢት በሰከንድና ከዚያ በላይ ሊያገኝ ሲችል፣ አምስት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ሜጋ ቢት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የተክለ ሃይማኖት ነዋሪዎችን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። የኢትዮ ቴሌኮም ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በቸርችል ጎዳና፣ ከሠፈሩ በእግር ሊደረስበት በሚችል ርቀት ነው። ሆኖም የዋናው መሥሪያ ቤት ቅርበት ለመስመሩ ፋይዳ የለውም። የሚቆጠረው ሽቦው በምድር ውስጥና በምሰሶ ላይ ተጠማዝዞ ቤቱን ከሚያገለግለው ሣጥን እስኪደርስ ያለው ትክክለኛ ርዝመት ነው። ሽቦው ደግሞ ቀጥታ መንገድ አይመርጥም።

ሁለተኛው ነገር እርጥበት ነው። በአዲስ አበባ ከፍተኛው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት በየመንገዱ ያሉት የኬብል ጉድጓዶች፣ በተለምዶ ማንሆል የሚባሉት፣ ውኃ ይይዛሉ። የኬብሉ መገጣጠሚያ በደንብ ካልታሸገ ውኃው ወደ ጥንድ ሽቦዎቹ ይደርሳል። ንጹሕ ደረቅ ሽፋን የነበረው ነገር በከፊል አስተላላፊ ይሆንና ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው መፍሰስ ይጀምራል። በዚህን ጊዜ መስመሩ ፈጽሞ አይሞትም፤ ይታመማል እንጂ። ሞደሙ ጫጫታውን መቋቋም ሲያቅተው ግንኙነቱን ይለቃል፣ ከጣቢያው ጋር እንደገና ይደራደራል፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይመለሳል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለቃል።

ይህን ብልሽት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ የቤት ስልክ ካለ ማንሻውን አንሥቶ ማዳመጥ ይበቃል። የጥሪ ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ሽቦው በአመዛኙ ደኅና ነው። የመጥበስ ወይም የመንሾካሾክ ዓይነት ድምፅ ከተሰማ ችግሩ ራውተሩ ላይ ሳይሆን ከቤት ውጭ፣ በሽቦው ላይ ነው። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ በተበጠሰበት ጊዜ ደግሞ እንግዳ የሚመስል ነገር ይፈጠራል። ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሞቶ ኢንተርኔቱ ግን እየተንገዳገደ ይሠራል። ከፍተኛው ድግግሞሽ በተበጠሰው ቦታ ዘሎ በከፊል ሊያልፍ ስለሚችል ነው። ደንበኛው «ኢንተርኔቱ እየሠራ ነው፣ ስልኩን ተዉት» ቢል ዋናውን የምርመራ ምልክት ከእጁ አወጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁፋሮ ነው። ይህ አካባቢ በአሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተቆፍሯል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሰሜናዊ መስመር ከልደታ ተነሥቶ በዳርማር፣ በአብነትና በሰባተኛ አድርጎ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚዘልቅ ነው። በክፍለ ከተማው የተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ፣ የመንገድ ማስፋፋቱ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በከተማዋ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የምድር ውስጥ መስመሮችን አነካክቷል፤ አዛውሯልም። ቁፋሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንድ ሽቦዎች ያሉትን ኬብል ሲበጥስ ጠጋኙ የሚሠራው ሥራ ኬብል መቀጠል ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ጥንድ በቀለሙ እየለየ ከጓደኛው ጋር ማገናኘት አለበት። አንድ ጥንድ ከተሳሳተ ስልክ ደዋዩ ጎረቤቱን ያገኛል። በቅርብ የተጠገነ ሠፈር ውስጥ «የእኔ ቁጥር በእነ እገሌ ቤት ይጮኻል» የሚል ቅሬታ ሲሰማ መነሻው ይኸው ነው።

ፋይበርና መብራት

አሁን በብዙ የአዲስ አበባ ሠፈሮች መዳቡን እየተካ ያለው ፋይበር ከላይ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አብዛኞቹን አያውቅም። ብርሃን በእርጥበት አይፈስም፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀትም አይደክምም። ነገር ግን የራሱ ደካማ ጎን አለው። ለመኖሪያ ቤት የሚዘረጋው ጂፖን የሚባለው ዓይነት ከጣቢያ በሚወጣ አንድ ፋይበር ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ያከፋፍላል። በመካከል ያለው አከፋፋይ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የመስተዋት ቁራጭ ነው። ወደ ቤቶቹ የሚወርደው ጠቅላላ አቅም 2.488 ጊጋ ቢት በሰከንድ ነው። 64ቱም ቤቶች በአንድ ቅጽበት በሙሉ ኃይላቸው ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 39 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል። ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ግልጽ ነው፤ አነስተኛ ጥቅል የገዛ የፋይበር ደንበኛ ምሽት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድበት ጥፋቱን በጎረቤቶቹ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይሆንም። መጨናነቁ ከዚያ በላይ፣ ጣቢያውን ከዋናው መረብ ጋር በሚያገናኘው ክፍል መፈለግ አለበት።

የፋይበር ብልሽት በአብዛኛው የሚፈጠረው በመታጠፍ ነው። ገመዱ በበር ማዕዘን ተጨፍልቆ፣ ከዕቃ ጀርባ ተጣጥፎ ወይም በምስማር ተወግቶ ከሆነ ብርሃኑ በእጥፋቱ ይወጣና ከቤት አይደርስም። በመቀበያው ሣጥን ላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የሚናገረው ይህን ነው፤ «ብርሃን አልደረሰኝም» ማለቱ ነው። ይህ መብራት እየበራ ራውተሩን አሥር ጊዜ ማጥፋትና ማብራት ጥቅም የለውም።

መብራት ሲጠፋ የሚከሰተው ደግሞ የተለየ ነው። መካከለኛው አከፋፋይ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ መስመሩ ራሱ አይጠፋም። የሚጠፋው በቤት ውስጥ ያለው መቀበያ ነው። መቀበያውና ራውተሩ በአንድነት የሚወስዱት ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሚባክነውን ቀንሶ እንኳ ለሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊያቆያቸው ይችላል። የመሣሪያዎቹ ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር መግጠሙን ግን አስቀድሞ ከመሣሪያው ጀርባ ማንበብ ግድ ነው፤ 5 ወይም 9 ቮልት የሚፈልግ መሣሪያ በ12 ይቃጠላል። በመዳብ መስመር ያለ ደንበኛ ይህን ቢያደርግም ዋስትና የለውም፤ በመንገድ ዳር ያለው የማሠራጫ ሣጥን ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግና የሣጥኑ ባትሪ ሲያልቅ መላው ሠፈር አብሮ ስለሚጠፋ። የሞባይል ምሰሶም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም።

የቤት ውስጡ ክፍል

ከአቤቱታዎቹ የተወሰኑት አቅራቢውን ጨርሶ አይመለከቱም። በአንድ የጋራ ግቢ ወይም በአንድ ኮንዶሚኒየም ወለል ላይ ብዙ ራውተሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራው ዋይ ፋይ እርስ በርስ የማይደራረቡ ሦስት መስመሮች ብቻ አሉት፤ 1፣ 6 እና 11። አሥር ራውተር ሦስቱን ሲሻሙ የሚፈጠረው ነገር ተጠቃሚው ዘንድ «ኔት ቀጥ አለ» ተብሎ ይተረጎማል። 5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊ ቦታ አለው፤ ሆኖም የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ያዳክመዋል። የጭቃ ቤትም ቢሆን ግድግዳው ወፍራምና እርጥብ ከሆነ ያው ነው።

ሌላው የግቢ ኑሮ ያመጣው ነገር መጋራት ነው። አንዱ ተከራይ በስሙ ያስገባውን መስመር አራትና አምስት ቤተሰብ ወጪ እያዋጣ ሲጠቀምበት ማየት የተለመደ ነው። ለኪስ የሚበጅ ዘዴ ነው። ግን 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ማለት ግማሽ ሜጋ ባይት በሰከንድ መሆኑ ይዘነጋል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነውና። በዚህ ፍጥነት አንድ ጊጋ ባይት የሆነ ፊልም ለማውረድ ሌላ ማንም ሰው ባይጠቀምበት እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በጓዳ ያለ አንድ ልጅ ፊልም ማውረድ ሲጀምር በሳሎን ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጣል። መስመሩ አልተበላሸም፤ ተጋሪው በዝቶ ነው።

ስለዚህ ወደ አቅራቢው ከመደወል በፊት የሚደረግ አንድ ፈተና አለ፤ ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘትና ሌሎቹን ሁሉ ለአምስት ደቂቃ ማላቀቅ። በገመድ ሲሞከር ደኅና ከሆነ ችግሩ የቤት ነው። ካልሆነ ምርመራው በሦስት እርከን ይቀጥላል። በቅድሚያ ራውተሩን ራሱን፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 በሚለው አድራሻ፣ በፒንግ ትእዛዝ መጥራት፤ ቀጥሎ በውጭ ያለ አንድ የታወቀ የቁጥር አድራሻ ለምሳሌ 8.8.8.8 መጥራት፤ በመጨረሻም አንድን ድረ ገጽ በስሙ መጥራት። የመጀመሪያው መልስ ሰጥቶ ሁለተኛው ካልሰጠ የተጎዳው የውጭው መስመር ነው። ሁለተኛው መልስ ሰጥቶ ሦስተኛው ካልሰጠ ደግሞ መስመሩ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ነው፤ በራውተሩ ላይ ያለውን አድራሻ በመለወጥ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ከከተማዋ ውጭ ያለው

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ዓለም አቀፉ መረብ የምትደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በተለይም በጅቡቲ፣ ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተሻግራ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በርካታ ኬብሎች ሲበጠሱ፣ በግንቦት ወር መጀመሪያም በደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ሌሎች ሁለት ኬብሎች ሲጎዱ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት በሰፊው ታውኳል። እንዲህ ያለው ብልሽት የሚታወቀው በምልክቱ ነው፤ የአገር ውስጥ ገጾች በደኅና ሲከፈቱ የውጭዎቹ ይዘገያሉ። ኬብሎቹ ደኅና በሆኑበት ጊዜም ቢሆን ርቀት ዋጋ አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ጉዞ 10 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል፤ ይህን የትኛውም ውድ ጥቅል አይቀንሰውም።

በመንግሥት ውሳኔ የሚዘጋ ኢንተርኔት ደግሞ ከብልሽት አይቆጠርም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በአገር አቀፍ ደረጃ እንደሆነው ያለ መቋረጥ ሲፈጠር በቤት የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጎረቤትን መጠየቅ ከማናቸውም መሣሪያ የላቀ ነው።

መዝገብ እንደ ማስረጃ

የአገልግሎት ጥራት በአብዛኛው የሚነገረው በመቶኛ ነው። 99 በመቶ ጥሩ ቁጥር ይመስላል። በወር ውስጥ ባሉት 720 ሰዓታት ሲሰላ ግን 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ መጥፋትን ይፈቅዳል። ከዚህ ይልቅ አሳሳቹ ግን ሌላ ነው። በወር ውስጥ 30 ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ የሚጠፋ መስመር በድምሩ የጠፋው 2 ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ ከ99.6 በመቶ በላይ «ይሠራል»። ከላይ የተጠቀሰችው ተርጓሚ ግን 30 ጊዜ ከስብሰባ ወጥታለች። አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ 29 ቀን ያለ እንከን የሚሠራ መስመር በመቶኛ ሲታይ የባሰ ነው፤ ለኑሮዋ ግን ይሻላታል። ስለዚህ ደንበኛው የሚያቀርበው አቤቱታ በሰዓት ድምር ሳይሆን በመቋረጥ ብዛት መገለጽ ይኖርበታል። በቃል ሲነገር ደግሞ ይህ ብዛት «ሁልጊዜ ይቆራረጣል» ከሚል የተለመደ ምሬት አይለይም። በጽሑፍ ካልሆነ አይታይም።

የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። በየመቋረጡ የጠፋበትና የተመለሰበት ሰዓት፣ በሞደሙ ላይ የትኛው መብራት እንደበራ ወይም እንደጠፋ፣ በስልኩ ላይ ጫጫታ መኖር አለመኖሩ፣ መብራት መኖሩ፣ ዝናብ መዝነቡ፣ የጎረቤት መስመር መሥራት አለመሥራቱ ይመዘገባል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ራሱ መናገር ይጀምራል። መቋረጡ ዝናብን ተከትሎ ከመጣና ፀሐይ ሲወጣ ከቀነሰ የመገጣጠሚያ እርጥበት ነው። ዘወትር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከሆነና መብራቶቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ፍጥነቱ ብቻ ከወረደ መጨናነቅ ነው። መብራት ከመጣ በኋላ ብቻ ከተፈጠረ የመሣሪያው የኃይል አቅራቢ ሊጠረጠር ይገባል።

ራውተሩን አጥፍቶ የማብራቱ ምክር እዚህ ላይ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ማጥፋትና ማብራት ሞደሙ ከጣቢያው ጋር እንደ አዲስ እንዲደራደር ስለሚያስገድደው አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ብዙ ሞደሞች የመቋረጣቸውን ዝርዝርና የስሕተታቸውን ቁጥር የሚይዙት ኃይል እስካላጡ ድረስ ብቻ ነው። ሲጠፉ ይረሱታል። ስለዚህ ደንበኛው ምክሩን ከመፈጸሙ በፊት በራውተሩ ገጽ ላይ ያለውን የመስመር ሁኔታ በስልኩ ፎቶ ማንሣት አለበት፤ አለበለዚያ ማስረጃውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

አንድ ለሌላ አገር ሰው የማይታሰብ፣ ለኢትዮጵያ ግን እውነተኛ የሆነ ችግርም አለ። ቤተሰቡ «ትናንት ማታ 2 ሰዓት» ብሎ የመዘገበውን የአቅራቢው ኮምፒዩተር 20 ሰዓት ብሎ፣ በአውሮፓ ቀን መቁጠሪያ ይዞታል። ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ «2 ሰዓት»ን እንደ ተባለው ከጻፈው የመረመረው ቴክኒሻን በዚያ ሰዓት ምንም አያገኝም፤ «መስመሩ ደኅና ነበር» ተብሎም ይዘጋል። መዝገቡ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑም ሰዓቱም ጎን ለጎን ቢጻፍ ይህ አይፈጠርም።

ሕጉን በሚመለከት፣ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ተቆጣጣሪ አድርጎ አቋቁሟል። ባለሥልጣኑም የተጠቃሚዎችን መብትና የአገልግሎት ጥራትን የሚመለከቱ መመሪያዎች አውጥቷል። አቤቱታ የሚጀምረው ከአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ወደ ባለሥልጣኑ የሚኬደው በዚያ መፍትሔ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥሪ መጨረሻ የአቤቱታ ቁጥር ጠይቆ በደብተሩ ላይ ማስፈር ለሁለተኛው እርከን መሠረት ይሆናል። ቁጥር የሌለው ጥሪ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ከዚህ በተጨማሪ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የካሣው ጥያቄ ግን በሐቅ መታየት አለበት። አገልግሎት ሦስት ቀን ሙሉ ቢጠፋና አቅራቢው በተመጣጣኝ ቢመልስ የሚመለሰው የወሩ ክፍያ አንድ አሥረኛ ነው። ይህ ገንዘብ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሁለት ሰው ምሳ ለመብላት የሚበቃ ላይሆን ይችላል፤ የተርጓሚዋን ኪሣራ ጨርሶ አይነካም። ስለዚህ የአቤቱታው ዓላማ ገንዘብ ማስመለስ ሳይሆን ጥገናው ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲደረግ ማስገደድ ነው።

ለዚህ የጋራ አቤቱታ ከነጠላው ይበረታል። በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ ያሉ አምስት ቤቶች ለየብቻ የያዙት መዝገብ በአንድ ደቂቃ መጥፋታቸውን ካሳየ ብልሽቱ በማናቸውም ቤት ውስጥ እንዳልሆነ፣ አምስቱን በሚያገናኘው ሣጥን ወይም ኬብል ላይ መሆኑ ያለ ክርክር ይረጋገጣል። በኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ማኅበር፣ በግቢ ደግሞ ዕድሩን የሚያስተባብሩት እማማ ወይም ጋሼ ደብተሮቹን ሊሰበስቡ ይችላሉ። ቴክኒሻኑ ሲመጣም ጠቃሚው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ በዚህ ሠፈር ቤት የሚገኘው በቤት ቁጥር ሳይሆን «ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊው በር» በሚል የስልክ መሪነት ነውና፣ ስልኩን ያላነሣ ደንበኛ ተራው ያልፈዋል።

ሁለተኛ መስመር መያዝ የሚችል ሰው ቢይዝ መልካም ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁለት የተለያዩ ድርጅቶችን የሞባይል መረብ ማፈራረቅ ተችሏል። ዋናው መስመር ሲጠፋ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ማጋራት ለአንድ ስብሰባ ይበቃል፤ ለወር ሥራ ግን በጊጋ ባይት ስለሚከፈል ውድ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው አቤቱታው የሚዘጋበት ቅጽበት ነው። ቴክኒሻኑ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቀን፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ነው። የረጠበው መገጣጠሚያ በቀትር ደርቆ መስመሩ በደንብ ይሠራል፤ መለኪያውም ደኅና ቁጥር ያሳያል። ከዚያ ደንበኛው በስልክ «ተስተካክሏል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በዚያች ሰዓት እየሠራ ስለሆነ «አዎ» ይላል፤ አቤቱታውም ይዘጋል። ማታ ሲዘንብ ተመልሶ ሲጠፋ የሚከፈተው አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ አቤቱታ ነው፤ ከበፊቱ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት ደብተሩ ሊታየው፣ በተለይም የዝናቡ ዓምድ ሊነበብለት ይገባል። ማረጋገጫውም በጋ ከሆነ ከአንድ ሳምንት መዝገብ በኋላ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ይሰጣል።